የምድጃና የጢስ ማውጫ አያያዝ
(በቦንጋ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቀዳዳ ነው። ይኸውም ከምድጃችሁ ጀርባ ተነሥቶ በጣራው በኩል ወደ ሰማይ የሚወጣው የጢስ ማውጫ ነው። ምድጃን ስለ ማሻሻል ከዚህ ቀደም ብዙ ተነግሯችኋል። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የተዘጋ ምድጃ እንደሚሻል፣ ማገዶ እንደሚቆጥብ፣ ልጅንም ከእሳት እንደሚጠብቅ ሰምታችሁ ብዙዎቻችሁ አስተክላችኋል። ከተተከለ በኋላ ግን ማን ይጠብቀው፣ ማን ይጥረገው፣ መቼስ ይጠረግ የሚለውን የነገራችሁ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ካልነገሯችሁ ሰዎች መካከል ነን። ስለዚህ ንግግራችንን ጥፋታችንን በማመን እንጀምራለን።

ባለፈው ክረምት በጊምቦ ወረዳ ባለች አንዲት ቀበሌ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ ወደ ጤና ኬላው መጣች። ልጁ ያስለዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጡት ለመያዝ እንኳ ይታክተዋል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜው መሆኑ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ ታከመ፤ ተሻለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ነገሩ ስላልተዋጠላት፣ "መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሰጠን፤ እስቲ ደግሞ ቤቱን ሄደን እንየው" አለችን። አብረናት ሄድን።

ዝናብ ይዘንባል። ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ምድጃው "ምርት" የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አስተክሎላቸው፣ ከጀርባውም የቆርቆሮ ቧንቧ አቁሞላቸዋል። ከደጅ ቆመን ሽቅብ ብናይ ከቧንቧው ራስ ምንም ጢስ አይወጣም። ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ጢሱ በምድጃው አፍ እየተመለሰ ቤቱን ሞልቶታል። እናቲቱ ቆጮ እየጋገረች ነው፤ ልጁ በጀርባዋ ታዝሏል። እኛ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳንቆይ ዓይናችንን ይዘን ወጣን። ልጁ ግን መውጫ የለውም።

የልጁ አያት ከእሳቱ ዳር ተቀምጠዋል። "እማማ፣ ይህን ቧንቧ ጠርጋችሁት ታውቃላችሁ?" ብለን ጠየቅናቸው።

"አይ ልጆቼ፣ ማን ደፍሮ ይነካዋል?" አሉን። "የመንግሥት ዕቃ ነው። ቢሰበር እንጠየቅበታለን ብለን ፈራን።"

እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ አባወራው ጣራ ላይ ወጣ። ከቧንቧው አፍ የወፍ ጎጆ አወጣ፤ ደረቅ ሣርና ላባ ነው። ከሥር ከፍተን ስንጠርገው አንድ ቁና የሚሞላ ጥቀርሻ ወረደ። እንደገና እሳት ሲነድ ጢሱ ሽቅብ መጎተት ጀመረ። አያቲቱም፣ "እንዴ! ለካ ይህ ነው ሥራው?" አሉ። ለሁለት ዓመት ያህል ምንም ጥቅም የሌለው ምሰሶ መስሏቸው ኖሯል።

ማታ ወደ ማረፊያችን ተመልሰን ማስታወሻችንን ብንገልጥ፣ ያንኑ ቤት ከሦስት ወር በፊት ጎብኝተን "የጢስ ማውጫ፤ አለ" ብለን ምልክት አድርገንበታል። ምልክቱን ያደረግነው ከደጅ ቆመን ነው። ቧንቧ መኖሩን አየን፤ ጢስ መውጣቱን አላየንም። ልጁ የታመመው በጢሱ ብቻ ነው ብለን አንምልላችሁም፤ የሳንባ ምች ብዙ መነሻ አለውና። ቢሆንም ያን ቀን አፍረናል። ዛሬ እዚህ የቆምነውም በዚያ እፍረት ነው።

እንግዲህ ጢስ ምንድን ነው? ጢስ ማለት ሳይቃጠል ያመለጠ እንጨት ነው። ከጫካ በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ካመጣችሁት ማገዶ ከፊሉ ድስቱን ሳያሞቅ በአየር ይሄዳል ማለት ነው። በውስጡ ዓይን የማያየው፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ብናኝ አለ። ይህ ብናኝ በአፍንጫ ፀጉር ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። ሕፃን ሲተነፍሰው ሳንባው ይቆጣል፤ የሳንባ ምች ለሚያመጡ ተሕዋስያንም በር ይከፍታል። አዋቂ ሰው ለብዙ ዓመት ሲተነፍሰው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ በሽታ፣ የዓይን ሞራም ያመጣበታል። በካፋ ንብ የማያውቅ ሰው የለም። ንብ አርቢው ማር ሲቆርጥ ቀፎውን በጢስ ያጥናል፤ ንቡም ይሸሻል። ንብ ክንፍ ስላለው ይሸሻል፤ በጀርባ የታዘለ ልጅ ግን ወዴት ይሸሻል?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ከምግብ ማብሰያ በሚወጣ የቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

ከእኛ እጅግ ሩቅ በሆነችው በጓቲማላ የሚኖሩ የገጠር እናቶች እንደ እናንተው በእንጨት እሳት ቂጣ ይጋግራሉ፤ ቂጣቸው የበቆሎ ነው። ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ለግማሾቹ ቤቶች የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠርተው፣ ግማሾቹን በነበሩበት እሳት ላይ ለጊዜው አቆይተው፣ ሕፃናቱን ተከታተሏቸው። የሳንባ ምች በጠቅላላው እንደ ታሰበው ያህል አልቀነሰም። ብርቱው፣ ለሞት የሚያሰጋው ዓይነት ግን በሲሶ ያህል ቀነሰ። በዚያ ጥናት ጊዜ ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጎበኙ እንደ ነበር ልብ በሉ። በአፍሪካችን በማላዊ ደግሞ የጢስ ማውጫ የሌለው፣ በማራገቢያ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ምድጃ ለብዙ ቤቶች ተሰጥቶ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲገለጥ የሕፃናቱ የሳንባ ምች አልቀነሰም። ምድጃዎቹም ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። ምድጃ መስጠት ብቻውን እንደማያድን ከዚህ እንረዳለን። ምድጃውም የጢስ ማውጫውም እንደ ላም ነው፤ ካልተጠበቀ አይታለብም።

ስለ "ምርት" ምድጃ አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። ይህ ምድጃ ምጣዱን የሚሸከሙ አራት ገጣጣሚ ክፍሎችና ከኋላ ድስት የሚጣድባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። በደንብ ሲያዝ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ጢሱ የሚወጣው ድስቱ በሚጣድበት በኩል ወደዚያው ወደ ማድ ቤቱ ነው። ስለዚህ ቧንቧ ካልተጨመረለት ጢሱ ያንሳል እንጂ ከቤት አይወጣም። "ትክክል" የሚባለው የድስት ምድጃም እንደዚሁ ቧንቧ የለውም። እነዚህን የምትጠቀሙ እናቶች ከቧንቧው በፊት ከጣራው ሥር በሁለት ወገን ትይዩ የሆነ ሰፊ መስኮት አስከፍቱ፤ በጋ ሲሆንም ምድጃውን ወደ በረንዳ አውጡት።

ቧንቧ ያላችሁ ደግሞ ቧንቧው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለባችሁ። ትኩስ አየር ቀላል ስለ ሆነ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሲሄድም ጢሱን ይጎትታል። በመንገዱ ላይ ስንጥቅ ካገኘ ቀዝቃዛ አየር በዚያ ይገባና ጉልበቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ በምጣዱና በምድጃው መካከል፣ በምድጃውና በቧንቧው መጋጠሚያም ላይ ክፍተት እንዳይኖር፣ የሸክላ ጭቃ ከአመድና ከደቀቀ ጭድ ጋር ለውሳችሁ ለስኑት። ጭቃ በእሳት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ልሰናው እንደ ወለል መቀባት በየጊዜው የሚታደስ ነው። የቧንቧው ራስ ከጣራው በላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ነፋሱ ጢሱን መልሶ ያስገባዋል። ዝናብ እንዳይገባበት ከአሮጌ ጣሳ ቆብ ሥሩለት፤ ነገር ግን ቆቡ በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቁም እንጂ አፉን አይድፈነው። በዙሪያው ሰፊ ዓይን ያለው ሽቦ ቢታሰርበት ወፍ ጎጆ አይሠራበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጥቀርሻው እንመጣለን። ጢስ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲነካ ከውስጡ ያለው እርጥበትና ዘይት መሰል ነገር እንደ ቅጥራን ሆኖ ይጣበቃል። በላዩ ሌላ ይጨመራል፤ ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። ይህን ከሁሉ ይበልጥ የሚያፋጥነው እርጥብ እንጨት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ምግባችሁን ከማብሰሉ በፊት ያን ውሃ ሲያፈላ ጉልበቱን ይጨርሳል። እናንተ ደግሞ ተጎንብሳችሁ እፍ ስትሉ ትውላላችሁ፤ ፊታችሁም ከጢሱ ምንጭ ላይ ይሆናል።

"በካፋ ዝናቡ መቼ ይቆምና ነው እንጨት የሚደርቀው?" ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ታኅሣሥና ጥር አሉ። በነዚህ ወራት የክረምቱን ማገዶ ፍለጡ። ግንዱን እንዳለ ከመተው መፍለጥ ይሻላል፤ ፍልጥ ከውስጡም ይደርቃልና። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ከቤቱ ክዳን ጠርዝ ሥር፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። ዛሬ የመጣ እንጨት ዛሬ አይንደድ። ሁለት ፍልጥ ብታጋጩ ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፤ ደነዝ ብሎ ከመለሰላችሁ ገና ነው። ነገር ግን ለማድረቅ ብላችሁ በምድጃው ላይ ወይም በቧንቧው ዙሪያ እንጨት አታስደግፉ፤ በዚህ ምክንያት ቤት ይቃጠላል። ማገዶ መቆጠቡ ለጫካውም ነው። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ነው፤ ቡናችሁም ማራችሁም ከዚያው ነው።

እሳት ለማቀጣጠል ፌስታልና አሮጌ የጎማ ጫማ የምትጠቀሙ አላችሁ። ይህን ተዉ፤ ጢሱ ከእንጨት ጢስ ይብሳል። ነጭ ጋዝ ደግሞ በፍም ላይ ማፍሰስ ፊትን ያቃጥላል። ጭራሮና የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል።

የጢስ ማውጫ መቼ ይጠረግ? እኛ የምንመክራችሁ በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ ነው። ነገር ግን ቀኑ ሳይደርስ ምልክት ካያችሁ አትጠብቁ። ጢሱ በምድጃው አፍ ከተመለሰ፣ እሳቱ ያለ ምክንያት ከሰነፈ፣ በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ነገር ከተንጠባጠበ፣ ከጣራው በላይ የሚታየው ጢስ ከወትሮው ከሳሳ፣ ያን ጊዜ ተዘግቷል ማለት ነው። ከደጅ ቆሞ ሽቅብ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ ከከብት ጋር የሚውሉ ልጆች እንኳ ከሩቅ አይተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

አጠራረጉ እንዲህ ነው። እሳቱ ማታ ከጠፋ በኋላ ይደርና ጠዋት ምድጃው ሲቀዘቅዝ ትጀምራላችሁ። በሙቅ ቧንቧ ላይ አትጀምሩ። ልጆችን አውጡ፤ ምግብና ውሃ ክደኑ፤ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይም በሻሽ ሸፍኑ። መጥረጊያውን ከገበያ መግዛት አያስፈልግም፤ ረጅም ቀርከሃ ወስዳችሁ ጫፉ ላይ ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ በሽቦ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የቃጫው ስፋት ከቧንቧው ትንሽ ይብለጥ፤ እንዲፍቅ እንጂ እንዲያልፍ ብቻ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ደጋግማችሁ ፈቅፍቁ። ከሥር ለመጥረጊያ የተተወውን ቀዳዳ ከፍታችሁ ጥቀርሻውን በአሮጌ ድስት ተቀበሉ፤ በኋላም ቀዳዳውን በጡብና በጭቃ መልሳችሁ ድፈኑት። ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ቧንቧውን ከምድጃው ነቅላችሁ ወደ ደጅ አውጥታችሁ ጥረጉት። ስትጠርጉ ቧንቧውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ዝገት የበላው ስፍራ ድምፁ ይለያል፤ ወደ ውስጥም ይሰረጉዳል። የተበሳ ቧንቧ የእሳት ብልጭታ ስለሚያሳልፍ መለወጥ አለበት።

ጣራ ላይ መውጣቱ የአባቶችና የጎረምሶች ሥራ ነው። እናቲቱ እሳቱን ታንድድ፣ ልጁንም ትዘል፣ ውሃም ትቅዳ፣ ደግሞ ጣራ ላይ ትውጣ ማለት ነውር ነው። አባቶች፣ ከከብቱ በረት እበት እንደምታስወጡ ሁሉ ጥቀርሻውንም አስወጡ። ዕቃው የመንግሥት ነው ብላችሁም አትፍሩ፤ በቤታችሁ ከተተከለ የእናንተ ነው፤ ብትነኩት የሚጠይቃችሁ የለም።

ስለ ቤት መቃጠል ደግሞ በጥብቅ እንነግራችኋለን። ጥቀርሻ ራሱ ይነዳል። በቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመው ጥቀርሻ ሲቀጣጠል እንደ ብርቱ ነፋስ ይጮኻል፤ ቧንቧው ይቀላል፤ ከራሱ ላይ ብልጭታ ይረጫል። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን አውጡ፤ ጎረቤትም ጥሩ። ከዚያ ማገዶውን ከምድጃው ስባችሁ በአፈር ወይም በአመድ ቅበሩት፤ የምድጃውንም አፍ በድንጋይና በእርጥብ ጭቃ ድፈኑት፤ አየር ካጣ ይበርዳል። በጋለው ቧንቧ ውስጥ ውሃ አትድፉ፤ ሸክላው ይፈነዳል፤ እንፋሎቱም ሰው ያቃጥላል። ውሃው ለጣራውና ለግድግዳው ነው።

የጋለ ቆርቆሮ ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ በቆሎ የምታደርቁ እናቶች ቆጡን ከቧንቧው አርቁት። ቤታችሁ ሣር ክዳን ከሆነ በክዳኑ ውስጥ የቆርቆሮ ቧንቧ እንድታሳልፉ አንመክርም። ይህን ስንል የሚከፉብን አሉ፤ ምክንያቱም ሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ጢሱ የሚበዛባቸው ናቸው። መፍትሔው ከመኖሪያው ራቅ ብሎ ትንሽ ማድ ቤት ሠርቶ፣ ምድጃውን ወደዚያ ማዛወር ነው። ከተቻለ ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁንና ቧንቧው በእርሱ ይውጣ፤ ካልተቻለ ግን ቧንቧውን ትታችሁ ከክዳኑ ሥር ሰፊ መስኮት ክፈቱ።

እዚህ ላይ በአዲዮ ደጋ ያሉ አንዲት እናት ያሉንን ሳንነግራችሁ አናልፍም። "ልጆቼ፣ ጢሱን ብታወጡት ሣሩ ይበሰብሳል፤ ነቀዙም በቆሎውን ይበላዋል፤ ብርዱስ?" አሉን። መልስ አጥተን ቆመን ነበር፤ እውነት አላቸውና። ጢስ ክዳኑን ያጠነክራል፤ ተባይም ያባርራል። ስለዚህ ጢሱ ምንም ጥቅም የለውም ብለን አንዋሻችሁም። የምንለው ጥቅሙ ለክዳኑና ለበቆሎው፣ ጉዳቱ ግን ለልጁና ለእናቲቱ መሆኑን ነው። ማድ ቤቱ ሲለይ በቆሎው እዚያው በጢሱ ይደርቃል፤ ሰው ግን በሌላው ቤት ያድራል። ስለ ክዳኑ ግን ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልግ ይሆናል፤ ይህን ሸክም ከትከሻችሁ ልናወርድላችሁ አንችልም።

ስለ ብርዱ ያሉት ግን ወደ ሌላ አደጋ ይወስደናል። ደጋ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ማታ ፍም በማንደጃ አድርጋችሁ ወደ መኝታ ቤት አስገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። ከፍምና ከከሰል የሚወጣ፣ ሽታም መልክም የሌለው መርዛም አየር አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ጢስ ዓይን ስለሚያቃጥል ያስነሣናል፤ ይህ ግን እያስተኛ ይገድላል። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ከሰል አስገብተው ዘግተው የተኙ ሰዎች መሞታቸው በየጊዜው ይሰማል። ከጎኑ ውሃ በሳህን ቢቀመጥ መርዙን ይስበዋል የሚሉ አሉ፤ አይስበውም። "ላቀች" በሚባለው የከሰል ምድጃም ቢሆን ያው ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን ከቤት አውጡ። ሰው ራሱን አሞት፣ አዙሮት፣ አስታውኮት ብታገኙት ወዲያው ወደ ደጅ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ሐኪም አድርሱት። የተዘጋ የጢስ ማውጫም ይህንኑ መርዝ ወደ ቤት ይመልሳል።

አመድ የሞተ ይመስላል እንጂ በውስጡ ፍም ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ከቅርጫትና ከጆንያ ይልቅ ክዳን ባለው ብረት ወይም ሸክላ ዕቃ አድርጋችሁ ከቤትና ከሣር አርቃችሁ አስቀምጡት። ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ለጓሮ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል፤ ሳሙና በሌለበት ጊዜም ለእጅ መታጠቢያ ያገለግላል።

ልጆች ከምድጃው ሁለት ክንድ ራቅ ብለው እንዲጫወቱ በወለሉ ላይ ጠርዝ አድርጉላቸው። ሕፃን አዝሎ መጋገርን በተቻለ መጠን ተዉ፤ አያት ወይም ታላቅ እኅት ደጅ ትያዝልሽ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ ብቻውን እሳት ዳር አይቀመጥ። ከወደቀም ይተላለፍብናል ብላችሁ አትሽሹ፤ በመንካት አይተላለፍም፤ ፈጥናችሁ ከእሳቱ አውጡት። የተቃጠለን ሰውነት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ቃጠሎው ከሰውየው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም በፊትና በእጅ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የሚያስል ሕፃን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም ጡት መያዝ ካቃተው፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት አልነቃ ካለ፣ ነገ ገበያ ነው፣ ዛሬ ዝናብ ነው አትበሉ። በዚያው ሰዓት አምጡት። ሰዓት ያለው ሰው ካለ ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠር፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሁለት ወር ያልሞላውን ግን ሳትቆጥሩ አምጡት።

ከዚህ በኋላ ቤታችሁን ስንጎበኝ ከደጅ ቆመን ምልክት አናደርግም። እሳት አንድዱ እንላችኋለን፤ ጢሱ በየት እንደሚወጣ አብረን እናያለን። ጢሱ ወደ ቤት ቢመለስ እንዳታፍሩ፤ መጥረጊያ ይዘን እንመጣለን።

አሁን ወደ ጓሮው እንውጣ። ቀርከሃና ቃጫ ይዘን መጥተናል፤ ሽቦም አለ። ከየቀበሌው አንድ አባወራና አንዲት እናት ወደ ፊት ቅረቡ፤ መጥረጊያው እንዴት እንደሚታሰር እናሳያችኋለን። የምታስሩትም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።